ቶም ኮሊንስ በተኪላና በካርካዴ

ቶም ኮሊንስ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳርና ሶዳ ተቀላቅለው በረጅም ብርጭቆ የሚቀርብ መጠጥ ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1876 በታተመው የአሜሪካዊው ባርማን የጄሪ ቶማስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ጂኑ በተኪላ ሲተካ «ሁዋን ኮሊንስ» ይሉታል። እዚህ የቀረበው ደግሞ በተራው ስኳር ምትክ የካርካዴ አበባ ሽሮፕ የሚገባበት ነው።

ጂን ሽታውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው። ተኪላ ግን ጣዕሙ ከራሱ ተክል ነው የሚመጣው። ተክሉ ሰማያዊ አጋቬ ይባላል፤ አገር ቤት ለገመድ ከምናውቀው ቃጫ ጋር ዘመድ ነው። በዋናነት የሚበቅለው በሜክሲኮ፣ በሃሊስኮ ግዛት ሲሆን ለመድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ቅጠሉ ተመልምሎ እምብርቱ ይበስላል፣ ጭማቂው ይብላላል፣ ከዚያም እንደ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ጣዕሙ ቅጠል ቅጠልና ቃሪያ ቃሪያ ስለሚል የካርካዴ ኮምጣጣነት ይስማማዋል። ሜክሲኮዎችም ካርካዴን «ሃማይካ» ብለው ቀዝቃዛውን ይጠጡታል። በሱዳን በኩል ለመጡ አንባቢዎች ስለ ካርካዴ መንገር አያስፈልግም።

ሲገዙ «100% አጋቬ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ ይምረጡ። ይህ ከሌለ ለመጠጡ ከዋለው ስኳር እስከ 49 በመቶው ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ነጩ ይበቃል፤ በርሜል ውስጥ የቆየውን ውድ ተኪላ ከሎሚ ጋር ማደባለቅ ማባከን ነው።

ሽሮፑን አስቀድመው ያዘጋጁ። አንድ ኩባያ ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፤ አንድ እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ካርካዴ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ይክደኑት። አበባውን እሳት ላይ አያፍሉት፤ ይመራል። አጥልለው ገና ትኩስ ሳለ አንድ ኩባያ ስኳር ይፍቱበት። ሲበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሞልተው 3 የሾርባ ማንኪያ ተኪላ፣ 1 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና 1 ማንኪያ ተኩል ሽሮፕ ያድርጉ፤ በደንብ ካማሰሉ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ቀዝቃዛ ሶዳ ያፍስሱበት። ሶዳው ከገባ በኋላ ብዙ አያማስሉ፤ ጋዙ ይጠፋል።

ማንኪያውን በዓይን ግምት አይተኩ። አበባውና ስኳሩ አልኮሉን ስለሚሸፍኑት መጠጡ ጭማቂ ይመስላል፤ ነገር ግን ተኪላው 40 በመቶ አልኮል ከሆነ በአንዱ ብርጭቆ ወደ 14 ግራም ንጹህ አልኮል አለ። ስኳሩም ወደ 13 ግራም ስለሚደርስ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሊያስብበት ይገባል። ካርካዴ ራሱ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። የግፊት፣ የስኳር፣ የእንቅልፍ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቅ። አልኮል ለማይጠጡት ተኪላውን ትተው ሶዳውን መጨመር ነው፤ ቀለሙ ያው ደማቅ ቀይ ነው፣ በእውነቱ በሐምሌ ሙቀት ከዋናው ይልቅ ይህኛው ጥም ይቆርጣል።