የሙያ ቦርድ ምስክርነት

በአሜሪካ የውበት ቀዶ ሕክምና ማስታወቂያዎች ላይ ከሐኪሙ ስም ቀጥሎ ብዙ ጊዜ «ቦርድ ሰርቲፋይድ» የሚል ማዕረግ ይነበባል። በአማርኛ «በሙያ ቦርድ የተመሰከረለት» ልንለው እንችላለን፤ ማረጋገጫውን ደግሞ «የሙያ ቦርድ ምስክርነት»። ምስክርነቱ ሐኪሙ በአንድ የሕክምና ዘርፍ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ጨርሶ የዘርፉን ቦርድ ፈተና ማለፉን ያረጋግጣል።

ምስክርነት ከሥራ ፈቃድ ይለያል። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ሲሆን፣ ፈቃዱ ለጠቅላላ ሕክምና እንጂ ለአንድ ዘርፍ ተለይቶ አይሰጥም። ስለዚህ በሌላ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም በግል ክሊኒኩ ስብ ቢመጥ ወይም የሆድ ቆዳ ቢያጠብቅ በአብዛኛው ሕግ አይከለክለውም። ታካሚው ራሱ ማጣራት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በውበት ቀዶ ሕክምና ሙያ ዋነኛው መስካሪ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ስፔሻሊቲዎች ቦርድ ከሚያቅፋቸው 24 ቦርዶች አንዱ ነው። ተፈታኙ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 6 ዓመት በቀዶ ሕክምና ይሠለጥናል፤ ከዚያም በጽሑፍና በቃል ይፈተናል። በቃል ፈተናው ራሱ የሠራቸውን ቀዶ ሕክምናዎች መዝገብ አቅርቦ ይጠየቅበታል።

«ቦርድ» የሚለው ስም ብቻውን ግን አይበቃም። በሌላ ዘርፍ የተመሰከረለት ሐኪም «ቦርድ ሰርቲፋይድ ነኝ» ቢል አልዋሸም። የአሜሪካ የኮስሜቲክ ሰርጀሪ ቦርድ የሚባልም አለ፤ ስሙ ቢቀራረብም ከ24ቱ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ቁልፉ ጥያቄ «በየትኛው ቦርድ?» የሚለው ነው። መልሱን የስፔሻሊቲዎች ቦርድ በከፈተው «ሰርቲፊኬሽን ማተርስ» ድረ ገጽ በነፃ ማመሳከር ይቻላል። ሐኪሙ የዲሲፕሊን ቅጣት እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ ፈቃድ የሰጠውን የስቴቱን የሕክምና ቦርድ መዝገብ ማየት ነው።

ምስክርነቱ ከተረጋገጠ በኋላም የሚጠየቅ አለ። ሐኪሙ ያንኑ ቀዶ ሕክምና በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል እንዲሠራ ተፈቅዶለታል? ክሊኒኩ በገለልተኛ አካል ተመርምሮ ዕውቅና አግኝቷል? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ሌሊት ሕመም ቢነሳ ማን ይደርሳል? የታካሚው ጤናስ በሚገባ ተመርምሯል? የሙዚቀኛው ካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የውበት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ማግሥት አረፉ፤ የአስከሬን ምርመራው የልብ ደም ሥር ሕመም እንደነበረባቸው አሳየ። ስቴቱ በ2009 በስማቸው የተጠራ ሕግ አውጥቶ ከውበት ቀዶ ሕክምና በፊት የአካል ምርመራን ግዴታ አደረገ።

ምስክርነት ያለው ሐኪም ሁሉ ያማረ ውጤት ያመጣል ማለት አይደለም። የሠለጠነበትን ሥራ እየሠራ መሆኑን ግን ያሳያል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶቻችንና እህቶቻችን «ሐኪምሽ በፕላስቲክ ሰርጀሪ የሙያ ቦርድ ምስክርነት አለው?» ብለን እንጠይቃቸው፤ ቀጠሮው ላይም አብረን እንገኝ። ቅናሹ ዛሬ ያበቃል እያለ የሚያጣድፍ ክሊኒክ ቢገጥማቸው መልሱን ሳያገኙ አይፈርሙ።