እጁ የዘገየ መነጽር

ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ዓይን ነው። መነጽሩን ታጠልቃላችሁ፣ ሳሎኑ ይጠፋል፣ ጫካ ይመጣል፤ "ወይ ጉድ!" ትላላችሁ። ጫካው ውስጥ በሕይወት ለመቆየት መጥረቢያ ሠርታችሁ እንጨት መቁረጥ ሲኖርባችሁ ግን ነገሩ ወደ እጅ ይዞራል። እጅ ደግሞ ወደዚህ ዓለም የገባው በጣም ዘግይቶ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1968 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠራ። ከጣሪያ ጋር በብረት ክንድ የተያያዘ ስለነበረ "የዳሞክለስ ሰይፍ" የሚል ስም ወጣለት። ያጠለቀው ሰው በመስመር ብቻ የተሳሉ ቅርጾችን ያያል፤ ያ ነው። በ1980ዎቹ የጃሮን ላኒየር ኩባንያ ቪፒኤል የእጅን እንቅስቃሴ የሚከታተል ጓንት ሸጠ፤ ዋጋው ግን ለእኔና ለእናንተ ዓይነቱ ኪስ አልነበረም። ኒንቴንዶ በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ ደግሞ ቀይና ጥቁር ብቻ እያሳየ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ከዚያ ፌስቡክ በ2014 በ2 ቢሊዮን ዶላር ልግዛህ ያለው ኦኩለስ መጣ። እስቲ ልብ በሉ፦ መነጽሩ በመጋቢት 2016 ለገዢዎች ሲደርስ አብሮት የመጣው ተራ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነበር። የራሱ የእጅ መቆጣጠሪያዎች የደረሱት በታኅሣሥ ነው። ተፎካካሪው ቫይቭ ግን በሚያዝያ ሲወጣ ሁለቱንም እጆች ይዞ ነው የወጣው።

በጌሙ በኩልም እጅ ተረስቶ ነበር። በ2009 ለሕዝብ የቀረበው ማይንክራፍት ላይ ዶማ መሥራት ቀላል ነው፤ ሦስት ድንጋይና ሁለት እንጨት በሳጥኖቹ ውስጥ በቦታቸው ታስቀምጣላችሁ፣ ዶማው ይወጣል። ሥራ የምግብ አሠራር ዝርዝር ሆነ፤ ላብ የለ፣ እብጠት የለ።

አማዞን ጫካ ውስጥ የሚጥላችሁ የፖላንዶቹ "ግሪን ሄል" በ2019 ተጠናቅቆ ሲወጣ እዚያም የምትሠሩት በመጫን ነበር። በ2022 በቪአር ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓቴ እንዲህ አለፈ፦ ክንዴን አገላብጬ ቁስል ፈለግሁ፣ ቅጠል ጠቀለልኩበት። እሳት ለማንደድ እንጨት በእንጨት ፈተግሁ። እውነተኛው ትከሻዬ ዛለ! ማራገቢያ ይዞ እርጥብ ከሰል ያያያዘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ እሳት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን እጅ ነው የሚያስታውሰው።

አንድ ነገር ግን ጎደለኝ፤ ክብደት። ትልቁ ድንጋይም ቀጭኑ ቅጠልም እጄ ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የሚመዝኑት የመቆጣጠሪያውን ያህል ነው። የቆረጥኩትን ግንድ ተሸክሜ ስሄድ ወገቤ ምንም አላለኝም። ከእንጦጦ እንጨት አዝለው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች የሚያውቁት ዋናው ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ዓይን በ1968 ገባ፤ እጅ ወደየቤቱ የገባው በ2016 ነው። ሸክም ገና ደጅ እንደቆመ ነው። እስኪገባ ድረስ "ጫካ ኖሬ መጣሁ" የሚል ተጫዋች ካጋጠማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "ወገብህስ?"