በረኛው፦ የግብ ጠባቂ ሙያና የጥር 2005 ዓ.ም. ሦስት ቀይ ካርዶች

ግብ ጠባቂ፣ በተለምዶ አጠራሩ በረኛ፣ ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ በራሱ የቅጣት ክልል ውስጥ ኳስን በእጁ እንዲይዝ የተፈቀደለት ብቸኛ ተጫዋች ነው። የሚጠብቀው በር 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታበት ነጥብ ደግሞ ከበሩ መስመር 11 ሜትር ይርቃል። በአሜሪካ በሚዘወተረው የቤዝቦል ጨዋታ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት መሸፈኛ ጋርዶ ኳስ የሚቀልበው ተጫዋችም ተመሳሳይ ድርሻ አለው። ሁለቱም ሜዳውን በሙሉ ከፊታቸው ያያሉ፣ ጓደኞቻቸውን በምልክትና በድምፅ ይመራሉ፣ የሌላው ተጫዋች ስሕተትም በእነርሱ ዘንድ ይጠራቀማል።

በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ በር ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ያነሰው ወይም «ኳስ አይችልም» የተባለው ልጅ ነው። ይህ ልማድ መታረም ይገባዋል። በረኝነት ከሌሎቹ የሜዳ ድርሻዎች ሁሉ የበለጠ ውሳኔ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ለመረዳት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ያሳለፋቸውን ዘጠኝ ቀናት መመልከት ይበቃል።

ቡድኑ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከተማ ከወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተደረገ። ጥር 13 ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛዋን ዋንጫ ያነሣችበት ዕለትም ነው። የሳላዲን ሰይድን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጀማል ጣሰው በረጅሙ የተላከን ኳስ ለማጨናገፍ ከክልሉ ወጥቶ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር በኃይል ተጋጨ። ጀማል ራሱ ተጎድቶ በቃሬዛ ላይ እንዳለ ቀይ ካርድ ታየበት። ሲሳይ ባንጫ በምትኩ ገባ፤ ሲሳይ እንዲገባም አንድ የሜዳ ተጫዋች መውጣት ግድ ሆነ። ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ ቢያስቆጥርም አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ አሥር ሰው የቀረው ቡድንም አንድ ነጥብ ይዞ ወጣ።

ጥር 17 ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ዕጣው ተገለበጠ። የተሰናበተው የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማ ነበር፤ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ። ሆኖም በአሥር ሰው የቀረችው ቡርኪና ፋሶ ሦስት ተጨማሪ ግቦችን አክላ 4 ለ 0 አሸነፈች። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛው ደቂቃ ከፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ሲሳይ ባንጫ ከሜዳ ተሰናበተ። የተጫዋች ቅያሬ ዕድሉ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ፤ ሞሰስም ሁለተኛውን አገባ። ኢትዮጵያ ባደረገቻቸው ሦስት ጨዋታዎች በእያንዳንዱ አንድ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ ማለት ነው። ሦስቱንም በዕድል ብቻ መተርጎም አይቻልም፦ በሩን ጥሎ የሚወጣ በረኛ ለመወሰን ያለው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም፣ ካመነታ ደግሞ ዘግይቷል።

ሕጉም ቢሆን የበረኛውን ነጻነት እያጠበበ መጥቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1912 ግብ ጠባቂ በራሱ የሜዳ አጋማሽ በሙሉ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ከ1992 ጀምሮ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ፤ በዚህም የተነሣ በእግሩ መጫወት የማይችል በረኛ ቦታ አጣ። ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ኳስን በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ ካቆየ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል።

በአገር ውስጥ ሊግም ፉክክሩ ቀላል አይደለም። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ የቅዱስ ጊዮርጊስን በር ለበርካታ ዓመታት ጠብቋል። የአገሩ ልጅ ዴኒስ ኦንያንጎም በወጣትነቱ በዚሁ ክለብ ተጫውቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሯል። ኦንያንጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸንፎ፣ በአህጉሩ ውስጥ ከሚጫወቱት ሁሉ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተመርጧል። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ነበር፤ አጥቂዎች መድከም በሚጀምሩበት ዕድሜ በረኛ ገና ይበስላል።

ለወለጋ ታዳጊዎች የሜዳው ጠባይ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በረጅሙ የተመታ ኳስ በቆላ ካለው ይልቅ ይፈጥናል። ቀዩ የሸክላ አፈር በበጋ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ በክረምት ያንሸራትታል። ስለዚህ በእርጥብ ሜዳ መሬት ለመሬት የሚመጣን ኳስ በእጅ ብቻ መቅለብ አያዋጣም፤ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ሰውነትን ከኳሱ ኋላ ማድረግ ያሻል። ሲወድቁም በደረት ወይም በክርን ሳይሆን በጎን መውደቅ ይመረጣል።

ሌላው ጉዳይ ምስጥ ነው። በገጠር ቀበሌዎች በሩ የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ምስጥ በሚበዛባቸው የምዕራብ ወለጋ አካባቢዎች እንጨቱ ከላይ ደኅና መስሎ ከአፈር በታች ሊበላ ይችላል። እንዲህ ያለ ቋሚ በረኛ ሲጋጨው ወይም ልጆች አግዳሚው ላይ ሲንጠለጠሉ ይወድቃል። ከጨዋታ በፊት ቋሚዎቹን በእጅ ገፍቶ መፈተን፣ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር ጫር አድርጎ የምስጥ መንገድ መኖሩን ማየት፣ የተበላውንም ነቅሎ በአዲስ መተካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።