ሁሉም ያነበበው ምስጢር

ስለ ተስኪጊ ጥናት መጀመሪያ የሰማን ጊዜ፣ ጥቂት ክፉ ሰዎች በጨለማ የዶለቱት ሥራ መስሎን ነበር። ታሪኩን ስናገላብጥ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው፤ ጥናቱ ምስጢር አልነበረም። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ግዛት፣ ሜከን በሚባል ገጠር፣ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሰበሰበ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፤ 201ዱ አልነበረባቸውም። ብዙዎቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ድሆች ናቸው። የያዛቸው ቂጥኝ መሆኑን የነገራቸው የለም፤ ‹‹መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን›› ተባሉ። የተፈለገው ግን በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውን ምን እንደሚያደርግ እስከ ሞቱ ድረስ መመልከት ነው። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ በመርፌ ሲቀዳ እንኳ ‹‹ልዩ ነፃ ሕክምና›› ተብሎ ነው የተጠሩት። በምላሹ ምሳ ይበላሉ፣ በመኪና ይመላለሳሉ፣ ሲሞቱም የቀብር ገንዘብ አለ። የቀብሩ ገንዘብ የሚሰጠው ደግሞ ቤተሰብ አስከሬኑ እንዲመረመር ከፈቀደ ነው። እድር ባለበት ሰፈር ላደግን ለእኛ ይህቺ ነገር ከሁሉም ታማለች። ድሃ ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው አጥንተው ነው የገቡበት።

በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታወቀ። ለእነዚህ ሰዎች ግን እንዳይሰጥ ተደረገ። በዚያው ዘመን፣ በ1947፣ የአሜሪካ ዳኞች የተሰየሙበት የኑረምበርግ ችሎት በናዚ ሐኪሞች ላይ ሲፈርድ፣ ያለ ፈቃዱ ማንም ሰው መሞከሪያ እንዳይሆን የሚያዝ 10 ነጥብ ያለው ደንብ አወጣ። ብዙ የአሜሪካ ሐኪሞች ደንቡን ያነበቡት ለአረመኔ የተጻፈ አድርገው ይመስለናል። እነሱ አረመኔ አይደሉማ!

የጥናቱ ውጤት ከ1936 ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ሲታተም ኖሯል። ሐኪሞች አነበቡት፤ ዝም አሉ። በ1965 ኧርዊን ሻትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም አንዱን ጽሑፍ አንብቦ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የደረሳት ሐኪም መልስ ለመስጠት እንደማታስብ ማስታወሻ ጽፋ ከፋይሉ ጋር አያያዘችው። በቃ።

በተከታዩ ዓመት ደግሞ ፒተር በክስተን መጣ። ቤተሰቡ ናዚን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ፣ በራሱ በጤና አገልግሎቱ ተቀጥሮ በሳንፍራንሲስኮ የሚሠራ ወጣት ነው። ሥራውን ከኑረምበርግ ጋር አነጻጽሮ ለአለቆቹ ጻፈ። በ1969 ሐኪሞች ተሰብስበው መከሩ፤ ከአንዱ በቀር ጥናቱ ይቀጥል አሉ። በክስተን ተስፋ ቆርጦ ነገሩን ለጋዜጠኛ አሳለፈ፤ ሐምሌ 25 ቀን 1972 የአሶሺየትድ ፕሬሷ ጂን ሄለር ለዓለም አወጣችው። ሐኪሞች 36 ዓመት ያነበቡትን ተራው ሕዝብ በአንድ ቀን አነበበ፤ ጥናቱም በዚያው ዓመት ቆመ።

ከዚያ ሕጉ ተከተለ። በ1974 መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር በገምጋሚ ቦርድ እንዲታይ ታዘዘ፤ በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን መሠረት አድርጎ አስቀመጠ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በግንቦት 1997 ነው። በዚያን ጊዜ ከ600ዎቹ በሕይወት የነበሩት 8 ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።