የመስኮቱ ስፋትና የፊልሙ ምርቃት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ላይ ሲደርስ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ያልፍና ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ ብርድ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሮቢ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረች የመንገድ ከተማ ናት። አማራና አርጎባ፣ አፋርና ኦሮሞ በየገበያው የሚገናኙበት ይህ ቆላ ሽንኩርቱን፣ ማሾውንና ማሽላውን የሚሸኘው፣ ጨርቁን፣ ጋዜጣውንና ራዲዮኑንም የተቀበለው በዚሁ መንገድ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕልም የመጣው በዚያው ነው።

የኢትዮጵያ የፊልም ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የአዲስ አበባው የሲኒማ አዳራሽ ነው። ለሸዋ ሮቢትና ለመሰሎቿ የመንገድ ዳር ከተሞች ሕዝብ ግን ፊልም በአመዛኙ የደረሰው በካሴት፣ በሲዲ፣ በሻይ ቤት ቴሌቪዥንና ከአውቶቡስ ሾፌር ራስ በላይ በተሰቀለው ትንሽ መስኮት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በየትኛው ቅርጽ መጣ? ከጎኑ ምን ተቆርጦ ቀረ? ከሥዕሉ ጋርስ ምን ተጨምሮ ተሰጠ? የሚሉት ጥያቄዎች የመሣሪያ ባለሙያ ጥያቄዎች ብቻ ሳይሆኑ የታሪክም ጥያቄዎች ናቸው። በገበያ ሽንኩርት የገዛ ሰው ሚዛኑ ልክ መሆኑን ካየ በኋላ «መርቂልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። የፊልም ሸማችም እንዲሁ ሁለት መብት አለው፤ አንደኛው ሙሉው ልክ፣ ሁለተኛው ምርቃቱ ነው።

ልኩን ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲወጠን የእያንዳንዱ ሥዕል ወርድና ቁመት አራት ለሦስት ሆነ። ድምፅ ወደ ፊልም ከገባ በኋላ ጥቂት ማሻሻያ ቢደረግም ቅርጹ በመሠረቱ አልተለወጠም። ቴሌቪዥን ሲፈጠርም ይህንኑ ቅርጽ ወረሰ። በዚህም የተነሣ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር የተከፈተው መስኮት ይኸው አራት ለሦስት ነበር። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የአማርኛ ፊልም የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው። በ1977 ዓ.ም. ጥቁርና ነጩ ሥዕል ወደ ቀለም ሲለወጥም መስኮቱ ቀለም ለበሰ እንጂ አልሰፋም።

ቅርጹን ያናጋው የሁለቱ ጎረቤቶች ፉክክር ነው። በአሜሪካ ተመልካች በቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ሲጀምር አዳራሾች ባዶ መሆን ጀመሩ። የፊልም ኩባንያዎችም ቴሌቪዥን ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ፍለጋ ሥዕሉን ወደ ጎን ዘረጉት። እ.ኤ.አ. በ1953 «ዘ ሮብ» የተባለው ፊልም በሲኒማስኮፕ ሲታይ ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጅ በላይ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰፊ ፊልም ኋላ ተመልሶ በቴሌቪዥን ሲታይ ችግር ተፈጠረ። ወይ ከላይና ከታች ጥቁር ጥብጣብ ትቶ ሙሉውን ማሳየት፣ ወይም ጎኑን ቆርጦ መስኮቱን መሙላት ግድ ሆነ። ወርዱ 2.35 እጅ የሆነ ሥዕል አራት ለሦስት በሆነ መስኮት ውስጥ ተቆርጦ ሲሞላ ከመቶ 43 ያህሉ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንደኛው ከመስኮቱ ውጭ ይቀርና ሌላው ከአየር ጋር የሚነጋገር ይመስላል።

በቪዲዮ ካሴት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የውጭ አገር ፊልሞች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተቆረጡ ነበሩ። በየከተማው የነበረው ቪዲዮ ቤት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ አኑሮ፣ በአግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ተመልካች ሳንቲም እያስከፈለ የሚያሳየው ይህንኑ ጎዶሎ ልክ ነበር። ተመልካቹ ግን ጉድለቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ሙሉውን ያላየ ሰው የተቆረጠውን ሊጠይቅ አይችልምና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቪሲዲ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ በብዛት መውጣት ሲጀምር ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ክፍለ አገር የተጓዘው በአብዛኛው በዚህ ርካሽ ሸክላ ነው። አንዱ ሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ረጅም ፊልም በሁለት ሲዲ ይከፈላል፤ ታሪኩ ከጦፈበት ላይ ተነሥቶ ሲዲ መቀየር ግድ ነበር። የሥዕሉ ጥራት ዝቅተኛ ከመሆኑም ሌላ ቪሲዲ የሰፊ ሥዕል ምልክት በላዩ ላይ የሚጻፍበት ስፍራ አልነበረውም። በዚያ ላይ አሮጌው ባለ ሣጥን ቴሌቪዥን በተፈጥሮው የሥዕሉን ዳር ዳር ስለሚውጥ ከጠርዝ የተጻፈ ፊደል ይጎርድ ነበር። የካሜራ ባለሙያውና የመብራት ሠራተኛው ስም ብዙ ጊዜ ከሚጻፍበት ከዚያው ጠርዝ መሆኑን የሙያው ሰው ያውቀዋል።

ዲቪዲ ይህን ሁሉ ሊያርም የሚችል ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ አንዱ ገጽ 4.7 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በላዩ ላይም ሥዕሉ አራት ለሦስት ወይም ዐሥራ ስድስት ለዘጠኝ መሆኑን ለማጫወቻው የሚነግር ምልክት ይጻፍ ነበር። እስከ ስምንት የድምፅ መስመርና እስከ 32 የጽሑፍ ትርጉም መያዙ ደግሞ ለምርቃቱ በር ከፈተ። የዚህ ምርቃት ታሪክ ከዲቪዲ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1984 በ1933 የተሠራው «ኪንግ ኮንግ» በሌዘር ዲስክ ሲታተም ሮናልድ ሄቨር የተባሉ የፊልም ታሪክ ዐዋቂ በሁለተኛው የድምፅ መስመር ላይ ስለ ፊልሙ አሠራር እየተረኩ አብረው ዘለቁ። በ2000 ደግሞ የ«ኤክስ ፋይልስ» ተከታታይ ድራማ የአንድ ዓመት ክፍል ሁሉ በአንድ ሣጥን ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተቆረጠው ትዕይንት፣ የዝግጅቱ ታሪክና የአዘጋጁ ቃል ከተከታታይ ድራማ ጋር አብሮ መሸጥ ልማድ ሆነ።

በኢትዮጵያ ግን ዕቃው መጣ እንጂ ልማዱ አልመጣም። በሲዲ መሸጫው መደርደሪያ ላይ ከአማርኛው ፊልም ጋር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ምርቃት የሚቀጥለው ፊልም ማስታወቂያ ነበር። ያለ ፈቃድ የሚባዛው ቅጂ አምራቹን ስላደኸየ፣ ለዋናው ሥራ ያልበቃ ገንዘብ ለተጨማሪው ሊተርፍ አልቻለም። ስለዚህ ተዋናዩ በዚያ ትዕይንት ምን እንዳሰበ፣ ቀራጩ ብርሃኑን እንዴት እንዳገኘ፣ ደራሲው የትኛውን ገጽ እንደሰረዘ በሥራው ላይ ሳይመዘገብ ቀረ።

በዚህ መሐል መስኮቱ ራሱ ተለወጠ። ዐሥራ ስድስት ለዘጠኝ የሚባለው ቅርጽ የተጠነሰሰው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው። ከርንስ ፓወርስ የተባሉ መሐንዲስ በጥቅም ላይ የነበሩትን የሥዕል ቅርጾች በእኩል ስፋት ሥለው አንዱን በሌላው ላይ ሲያነባብሩ፣ ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው አራት ማዕዘን ይህ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቅርጹ የማስታረቂያ ቅርጽ ነበር ማለት ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥንና ዲሹ በየቆላው ሲገቡ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረውን ቃናን የመሳሰሉ ጣቢያዎች ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በዚህ ሰፊ መስኮት ያሳዩ ጀመር።

አዲሱ ሥራ ለአዲሱ መስኮት የተሰፋ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአሮጌው ላይ ነው። አራት ለሦስት የሆነ ድራማ ሰፊውን መስኮት እንዲሞላ ከተለጠጠ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል፤ ቀጭኑ ተዋናይ ይወፍራል፣ የጀበናው ሆድ ይነፋል። እንዳይለጠጥ ተብሎ ከተቆረጠ ደግሞ የቁመቱ ሩብ ይጠፋል። የአማርኛ ድራማ የቡና ሥርዓት ትዕይንት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ቡና አፍዪዋ በዱካ ላይ፣ የሚመርቁት ሽማግሌ ቆመው ናቸው። ቁመት ያለው አሮጌው መስኮት ሦስቱንም በአንድነት ይይዛቸው ነበር። ሩቡ ሲቆረጥ ግን ወይ ሲኒው ወይ የሽማግሌው ራስ ይቀራል። ወደ ደሴ በሚጓዘው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ ይህን ሲያይ ጥፋቱ የካሜራ ባለሙያው ይመስለዋል።

ይህ ችግር የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። «ዘ ዋየር» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በመጀመሪያ የተሠራው አራት ለሦስት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሰፊው ቅርጽ ሲለወጥ ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን አንዳንዱ ትዕይንት እንደተጠቀመ፣ አንዳንዱም እንደተጎዳ በግልጽ ጽፈዋል። ልዩነቱ የሠሪው ቃል መጠየቁና መመዝገቡ ነው። በኢትዮጵያም በኩል መልካም ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. በ16 ሚሊ ሜትር በጥቁርና ነጭ የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በጣሊያን አገር በቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ታድሷል። ፊልሙ ለዘመኑ መስኮት ሲባል ሳይለጠጥ፣ ገበሬውና ሰማዩ እንደተቀረጹ ቆይተዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። አሮጌ ድራማ ወደ አዲስ ዕቃ ሲገለበጥ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ በልኩ ቢቀመጥ፣ የተቀረጸበት ቅርጽም በመዝገቡ ላይ ቢጻፍ ልኩ ይጠበቃል። ምርቃቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። በጥቁርና ነጩ የቴሌቪዥን ዘመን ካሜራ የገፉ፣ መብራት የሰቀሉና ድራማ ያዘጋጁ ባለሙያዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንድ ባለሙያ የቀድሞ ሥራውን ከፊቱ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ቢናገርና ድምፁ ከሥዕሉ ጋር ቢቀመጥ፣ በዳር የተጎረደው ስም ከነታሪኩ ይመለሳል። የሸዋ ሮቢት ተመልካች ለተቆረጠው ሥዕል ሙሉ ዋጋ ሲከፍል ኖሯል። የጎደለው ልክና ያልተሰጠው ምርቃት ግን እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖ ይቆያል፤ የዕዳው ባለቤትም ሙያው ራሱ ነው።