ከሞት በኋላ የተሰማ ድምፅ

ስሙ እንግዲህ። ቴክሳስ ውስጥ፣ ድንጋያማ ኮረብታ በበዛበት አገር፣ ጆንሰን ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የአሜሪካ 36ኛው ፕሬዚዳንት ሊንደን ቤይንስ ጆንሰን ያደገው እዚያ ነው። የልጅነት ቤቱን ዛሬም መንግሥት እንደ ቅርስ ይጠብቀዋል። በ1970ዎቹ ውስጥ አንድ ማታ፣ ጎብኚ ሁሉ ሄዶ ቤቱ ባዶ ሲቀር፣ ሁለት ሰዎች ወደዚያ ገቡ። (የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የፕሬዚዳንቱ ታናሽ ወንድም ሳም ሂዩስተን ጆንሰን ነው፤ በሕመም የተጎዳ፣ እያነከሰ የሚሄድ ሰው። ሁለተኛው የጆንሰንን ሕይወት ለመጻፍ ከኒው ዮርክ የመጣው ሮበርት ካሮ ነው።

ሳም ሂዩስተን ቀደም ሲል ለካሮ ብዙ አውርቶለት ነበር። ወንድሜ ሊንደን በልጅነቱ እንዲህ ነበር፣ ሁሉም ይወደው ነበር፣ እያለ ያስደስተው ነበር። ካሮ ግን ወሬውን ሲያጣራ ብዙው ውሃ የማይቋጥር ሆነበትና ሰውየውን ትቶት ቆየ። በኋላ ሳም ታመመ፣ መጠጡን ተወ፣ ረጋ አለ። ካሮም እንደገና ፈለገው። ያን ማታ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አስገባውና በልጅነቱ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ከዚያው ገበታ ላይ አስቀመጠው። ራሱ ፊት ለፊት አልተቀመጠም። ሳም ጠያቂውን እንዳያየው፣ የሚያየው የአባቱን፣ የእናቱንና የወንድሙን ወንበር ብቻ እንዲሆን፣ ከኋላው ሆነ። ከዚያ፣ አባትህና ሊንደን እራት ላይ እንዴት ነበር የሚጣሉት፣ ብሎ ጠየቀው።

መጀመሪያ ቃሉ ቀስ እያለ መጣ። ከዚያ ሳም ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አንዴ እንደ አባቱ፣ አንዴ እንደ ወንድሙ ሆኖ ይጮህ ጀመር። የከሰረ አባት፣ የተዋረደ ልጅ፣ በዕዳ የተያዘ ቤት፣ ሁሉም ከገበታው ዙሪያ ተነሡ። ሳም እዚያ ትዝታ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ካሮ ሲያይ፣ ያኔ የነገርከኝን እነዚያን ደስ የሚሉ ታሪኮች እንደገና ንገረኝ፣ ዝርዝር ጨምርበት አለው። ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ ሳም አልችልም አለ። ለምን ሲባል፣ የለም፣ እነዚያ ነገሮች አልሆኑም፣ ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የሆነውን ይናገር ጀመር።

ይህን ታሪክ ሳስብ የማደንቀው የካሮን ብልሃት ብቻ አይደለም። አንድ ሕመምተኛ ሰው ለዓመታት የተሸከመውን የወንድሙን ተረት አውርዶ ማስቀመጡ ትልቅ ድፍረት ነው። ተረቱን የፈጠረው ሳም አልነበረም። ፈጣሪው ሊንደን ራሱ ነው። በ1966 ኮሪያ ሄዶ በወታደሮች ፊት ሲናገር፣ የቅድመ አያቴ አባት የሞተው በቴክሳሱ የአላሞ ጦርነት ነው፣ ብሎ ነበር። አልነበረም። በኮሌጅ የተማረባቸውን ዓመታት ካሮ ሲመረምር ደግሞ ከተማሪዎች ዓመታዊ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሊንደን ደግ ያልሆነ ነገር የተጻፈባቸው ገጾች በምላጭ ተቆርጠው ወጥተው አገኘ። አንድ ሰው እንዴት ሊታወስ እንደሚገባ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ማሰብ ከጀመረ፣ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ቶሎ ማመን የለበትም።

ይሁንና ይህ ሰው ሐሰተኛ ነበር ብላችሁ እንዳትዘጉት። በ1928 ኮሌጁን ለአንድ ዓመት ትቶ ኮቱላ በምትባል ከተማ የድሃ ሜክሲኮአውያን ልጆችን አስተማረ። ቁርስ ሳይበሉ ለሚመጡ ልጆች የስፖርት ዕቃ ለመግዛት ከደሞዙ አወጣ። በ1937 የምክር ቤት አባል ሲሆን ለዚያ ለድንጋያማው አገር መብራት አስገባ። ከጉድጓድ ውሃ እየጎተቱ ወገባቸው የጎበጠ ሴቶች አምፖል ሲበራ ያዩት በእሱ ጥረት ነው። ይህ በምስክር የተረጋገጠ ነው፤ ካሮ ከባለቤቱ ጋር እዚያው አገር ሄዶ ዓመታት ኖሮ፣ ከራሳቸው ከሴቶቹ አፍ ሰምቶታል።

አሁን ወደ አንድ የምርጫ ኮሮጆ ልውሰዳችሁ። ዓመቱ 1948 ነው። ጆንሰን ለሴኔት ይወዳደራል፤ ተፎካካሪው የቀድሞው የቴክሳስ አገረ ገዥ ኮክ ስቲቨንሰን ነው። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። ስቲቨንሰን ያሸነፈ መሰለ። ምርጫው ካለፈ ከ6 ቀን በኋላ ግን አሊስ በምትባል ከተማ፣ 13ኛው ኮሮጆ ላይ 202 አዲስ ድምፅ ተጨምሮ ተገኘ። ከ202ቱ 200ው የጆንሰን ነው! የመራጮቹን መዝገብ ያዩ ሰዎች፣ ስሞቹ በፊደል ተራ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት ተደርድረው ነበር ብለዋል። ጆንሰን በ87 ድምፅ አሸነፈ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኮሮጆዎቹ መከፈት ጀመሩ፤ በዚህ መሐል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሂዩጎ ብላክ ምርመራው እንዲቆም አዘዘ። ቆመ። ጆንሰን ሴኔት ገባ። 29 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1977፣ የዚያ ምርጫ ጣቢያ ዳኛ የነበረው ሉዊስ ሳላስ ለአሶሺየትድ ፕሬስ ቃሉን ሰጠ፤ ድምፆቹ የተጨመሩት ከምርጫው በኋላ ነው አለ። ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት ለሕሊናው ሰላም ፈልጎ ነበር። መዝገቡ ጠፍቶ ነበርና ያለ እሱ ቃል እውነቱ ከመጠርጠር አያልፍም ነበር። በጆንሰን ሲቲው ገበታ ትዝታ ተረትን አፈረሰ፤ በአሊስ ደግሞ ትዝታ የጠፋ መዝገብን ተካ።

በሴኔት ውስጥ የጆንሰን መምህር ሪቻርድ ረስል ነበር። ጆርጂያዊ ነው፣ የደቡብ ሴናተሮች መሪ፣ ሚስት ያላገባ ብቸኛ ሰው። ጆንሰን እሑድ እሑድ እቤቱ ይጋብዘዋል፤ ልጆቹም ይለምዱታል። ረስል ደግሞ ይህን ወጣት ከፍ አድርጎ አወጣው። በ1955 ጆንሰን የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆነ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ረስል ተመልሶ ይመጣል።

ኅዳር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደለ። ምክትሉ የነበረው ጆንሰን በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከዚያ ቀን በኋላ ታሪክ በሌላ መንገድ ይመዘገብ ጀመር። ጆንሰን ያለ ስልክ የማይኖር ሰው ነበር። ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ዘንድ ድምፅን በስስ የፕላስቲክ ጥቅል ላይ የሚቀርጽ ዲክታፎን ነበረ፤ ጣቱን በአየር ላይ ሲያሽከረክር ቅረጹ ማለቱ ነው። በዚህ መንገድ ከ640 ሰዓት በላይ የስልክ ንግግር ተቀረጸ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

የእኛው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዓለም መሪዎች ጋር የኬኔዲን አስከሬን በእግራቸው በሸኙበት በዚያው ሳምንት፣ ኅዳር 29፣ ጆንሰን ለረስል ደወለ። የግድያው መርማሪ ኮሚሽን አባል እንዲሆን ይፈልገዋል። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ዋና ዳኛ ኧርል ዋረን ነው፤ ረስል ዋረንን አይወድም። ከእሱ ጋር አልሠራም አለ። ጆንሰንም፣ ስምህ እኮ ለጋዜጠኞች ተነግሯል አለው። አለቀ። ያን ቅጂ የሚሰማ ሰው ፍቅርንና ጉልበትን በአንድ አፍ ሲነገሩ ይሰማል፤ እየተማጸነም እያዘዘም ነው።

አሁን ግን ልብ በሉ፤ ትረካዬ ሁሉ የተጓዘው ወደዚህች ቀን ነው። ግንቦት 27 ቀን 1964። ጆንሰን እንደገና ለረስል ይደውላል። ስለ ቬትናም ምን ትላለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ረስልም በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክፉ ጣጣ አላየሁም ይለዋል፤ እንዴት ከዚያ እንደምንወጣ አላውቅም፣ ገና ከጅምሩም መግባታችንን አልወደድኩም ይለዋል። ጆንሰን አይከራከርም። እሱም በዚያው ጭንቀት ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ለአማካሪው ለማክጆርጅ ባንዲ ደወለ። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ሌላ ኮሪያ እንደሚታየው፣ ለመዋጋት የሚገባ ነገር እንዳልሆነ፣ ለመውጣትም መንገድ እንዳጣ ነገረው። ከዚያ ስለ አንድ ሳጅን አነሣ። ያ ሳጅን እዚያው ቤቱ ያገለግለዋል፣ ልብሱን ያወጣለታል፣ ማታ የሚያነበውን ወረቀት ያመጣለታል፤ 6 ትንንሽ ልጆች አሉት። እኔ ይህን ሰው ወደዚያ የምልከው ለምንድን ነው፣ ቬትናም ለእኔ ምኔ ናት፣ ለአገሬስ ምኗ ናት ብሎ ጠየቀ።

ይህን ያለው መሪ፣ ልክ ከ10 ሳምንት በኋላ፣ በቬትናም የጦር ኃይል እንዲጠቀም የሚፈቅደውን የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ ለምክር ቤት አቀረበ። በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 ጸደቀለት። ለውሳኔው ምክንያት ሆነው ከቀረቡት፣ በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ደረሱ ከተባሉት ሁለት ጥቃቶች ሁለተኛው፣ ነሐሴ 4 ደረሰ የተባለው፣ ያኔውኑ መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ተጠራጥረውት ነበር፤ አለመፈጸሙን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ጽፎታል፤ ጽሑፉም በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። በ1968 ቬትናም ያለው የአሜሪካ ጦር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነበር። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ሞቱ፤ የቬትናማውያኑ ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጆንሰን በ1971 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ ላይ የሚናገረው ሰው ይህ አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዙን የቆለፈ፣ ሁሉን አመዛዝኖ የወሰነ ፕሬዚዳንት ነው። ረዳቱ የነበረችው ዶሪስ ከርንስ የራሱን ለዛ ያለው አነጋገር ስታስገባ፣ ይህ ለፕሬዚዳንት አይመጥንም እያለ እንድታወጣው ያደርጋት ነበር። እኔ ግን እላለሁ፤ ያ መጽሐፍ አይከሰውም፣ የስልኩ ቅጂ ነው የሚከሰው። ሳያውቅ የገባ ሰው ይቅር ይባል ይሆናል። እያወቀ፣ የሳጅኑን ልጆች እየቆጠረ፣ ሌሊት እየተገላበጠ የገባ ሰው ግን ሸክሙ ሌላ ነው። አዝንለታለሁ፤ ነጻ ግን አላወጣውም።

ያው ስልክ ደግሞ ሌላውን ጆንሰን ያሰማል። ጥር 15 ቀን 1965 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ሲነጋገር፣ ጥቁር ሰው እንዳይመርጥ በንባብ ፈተና የሚከለከልበትን ከሁሉ የከፋ ቦታ ፈልጋችሁ ለሕዝብ አሳዩ፣ ብሎ ይመክረዋል። ከዚያ በፊት በ1964 የዜጎች መብት ሕግ ሲወጣ፣ ሕጉን በረጅም ንግግር ሲያጓትቱ የከረሙትን ሴናተሮች የመራው ያ ወዳጁ ረስል ነበር። ክርክሩን ለመዝጋት በተሰጠው ድምፅ 71 ለ29 ተረታ። ጆንሰን መምህሩን ያሸነፈው መምህሩ ባስተማረው ዘዴ ነው። በነሐሴ 1965 የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች አንዲት ነገር ላንሣ። ጥቅምት 3 ቀን 1965፣ ከነጻነት ሐውልት ሥር፣ ጆንሰን የኢሚግሬሽን ሕጉን ፈረመ። በ1924 በወጣው ሕግ ኢትዮጵያ በዓመት የተፈቀደላት ኮታ 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የትውልድ አገር ኮታ ተሻረ። ዕለቱን ጆንሰን ይህ ሕግ አብዮታዊ አይደለም ብሎ ነበር። በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በዳላስ ያሉት የሐበሻ ሰፈሮች የቆሙት፣ በኋላ የመጣው የስደተኞች ሕግ ተጨምሮበት፣ የ1965ቱ ሕግ በከፈተው በር ላይ ነው።

መጋቢት 31 ቀን 1968 በቴሌቪዥን ቀርቦ እንደገና አልወዳደርም አለ። ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ፀጉሩን አሳደገ፣ ሐኪም የከለከለውን ሲጋራ ጀመረ። በ1971 ኦስቲን ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች፣ ከመስታወት ጀርባ ፎቅ በፎቅ የተደረደሩ ቀይ ሣጥኖች። በታኅሣሥ 1972 እዚያው የዜጎች መብት ጉባኤ ሲደረግ፣ ሐኪሞቹ እንዳይሄድ እየለመኑት በበረዶ ሄደ። መድረክ ላይ ሳለ ለልቡ መድኃኒት አፉ ውስጥ ጨመረ። የሠራሁት አይበቃም፣ አፍርበታለሁ አለ። ጥር 22 ቀን 1973፣ በ64 ዓመቱ፣ አረፈ።

በሳምንቱ ጸሐፊው ሚልድረድ ስቴጋል የስልክ ቅጂዎቹን ለቤተ መጻሕፍቱ አስረከበች። ትእዛዙ፣ ከሞቴ በኋላ 50 ዓመት ሳይሞላ አይከፈት፣ የሚል ነበር። ዳይሬክተሩ ሃሪ ሚድልተን ጆንሰንን የሚወድ፣ ንግግር ሲጽፍለት የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩ እያረጀ ነበር፤ የኬኔዲን ግድያ መዛግብት ይከፈቱ የሚል ሕግም በ1992 ወጣ። ሚድልተን በ1993 ከዚያ ነገር ጋር የተያያዙትን ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የጌታውን ቃል አፈረሰ የሚሉት ነበሩ። እኔ ትክክል አደረገ ባይ ነኝ። ትእዛዙ ቢከበር የግንቦት 27ቱ ንግግር የሚሰማው በ2023 ነበር። ያኔ ባለቤቱ ሌዲ በርድ የለችም፣ በ2007 አርፋለች፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ የለም፣ በ2009 ሞቷል፤ ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮችም ብዙዎቹ አልፈዋል። ሚድልተን ቀደም ብሎ ስለከፈተው ግን፣ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶችና አባቶች ገና በሕይወት ሳሉ ፕሬዚዳንታቸው ያን ጥያቄ ሲጠይቅ በገዛ ድምፁ ሰሙት።