ጾመ ነነዌ

ጾመ ነነዌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለሦስት ቀን ይጾማል። የሶርያ፣ የግብፅ፣ የኤርትራና የሕንድ ኦርቶዶክሶች እንዲሁም የምሥራቅ ሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ይጾሙታል። መሠረቱ በትንቢተ ዮናስ የተጻፈው የነነዌ ሰዎች ንስሐ ነው። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ፍርድና ከእግዚአብሔር ቁጣ ስለ መዳን የሚሰጠውን የክርስትና ትምህርት ምእመኑ በእነዚህ ቀናት በአንዲት ከተማ ታሪክ አማካይነት ይማረዋል።

ትንቢተ ዮናስ አራት ምዕራፍና 48 ቁጥር ብቻ ያላት አጭር መጽሐፍ ናት። የአማቴ ልጅ ዮናስ በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥትም ተጠቅሷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን የተነሣ ነቢይ ነው። ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ ሊኮበልል ከኢዮጴ መርከብ ተሳፈረ። ማዕበል ተነሣ፤ ዕጣው በእርሱ ላይ ወጣ፤ ወደ ባሕር ተጣለ፤ ዓሣ አንበሪ ውጦ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በሆዱ አቆየውና ወደ የብስ ተፋው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲላክ ከተማይቱ እንደምትገለበጥ ዐወጀ። የዕብራይስጡ ንባብ የተሰጣትን ቀነ ገደብ 40 ቀን፣ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ 3 ቀን ያደርገዋል።

በዐዋጁ ውስጥ «ንስሐ ብትገቡ ትድናላችሁ» የሚል ቃል የለም። የተነገራቸው ጥፋት ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን አመነ፤ ከትልቁ እስከ ትንሹ ማቅ ለበሰ። ንጉሡም ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ። ከብቱና በጉ ሳይቀሩ እንዳይሰማሩና ውኃ እንዳይቀምሱ ታዘዘ፤ ሰው ሁሉ ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስም ተነገረ። እግዚአብሔር ሥራቸውን አይቶ ሊያመጣ ያሰበውን መዓት መለሰ።

የትምህርቱ ዋና ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የማይለወጥ አምላክ ፍርዱን ከተናገረ በኋላ እንዴት ይተዋል? የጥንት መምህራን መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ፍርዱ የተነገረው እንዳይፈጸም ነው። ሊያጠፋ የፈለገ ነቢይ አይልክም፤ ቀን ቆርጦ ማስጠንቀቁ ራሱ የምሕረት ሥራ ነው። ስለዚህ የእግዚአብሔር ቁጣ እንደ ሰው ቁጣ ስሜት የነዳው አይደለም። ለክፋት የማይመች ቅድስናው ነው፤ ሰው ከክፋቱ ሲለይ ያው ቅድስና ይታረቀዋል።

አውግስጢኖስ «ስለ እግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ድርሳኑ ትንቢቱ በእርግጥ ተፈጽሟል ይላል፤ ክፉይቱ ነነዌ ተገልብጣ በምትኳ ደግ ነነዌ ተሠርታለችና። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ታሪክ የሰበከው ፍርድ ቀርቦባት በምትንቀጠቀጥ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በግብር ተመርሮ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ቤተሰብ ሐውልቶች ሰባበረ፤ ከዚያም ከተማው የቅጣት ፍርድ ሲጠባበቅ በፍርሃት ራደ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ ነነዌን ምሳሌ አድርጎ ሁለት ነገር አጥብቆ አስተማረ። አንደኛው፣ ያዳናቸው የፍርዱ ማስፈራሪያ ራሱ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር የተመለከተው ጾሙንና ማቁን ብቻ ሳይሆን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለማንኛውም ጾመኛ ከባድ ነው፤ ጾሙ የተቀማውን ካላስመለሰ፣ የተጣላውን ካላስታረቀ የነነዌ ጾም አልሆነም ማለት ነውና።

ዮናስ በዓሣ ሆድ ማደሩ በሁሉም ዘንድ ይታወቃል። የመጽሐፉ ክብደት ግን በአራተኛው ምዕራፍ ነው። ነቢዩ ከተማይቱ በመዳኗ ተቆጣ፤ ቀድሞ የኮበለለውም እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን ስለሚያውቅ እንደሆነ ተናገረ። ነነዌ የእስራኤል ጠላት የአሦር ከተማ ነበረችና ቁጣው ለሰሚው እንግዳ አይሆንም። እግዚአብሔር ያጠለለችለትን ቅል በትል አስበልቶ ካደረቀበት በኋላ መልሱን በጥያቄ ሰጠው፦ አንተ ላልደከምህባት ቅል ስታዝን፣ እኔ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ከተማ አላዝንምን? የዮናስ መልስ አልተጻፈም። የቁጣው ባለቤት እግዚአብሔር ራሱ ራርቶ ሳለ ሰው ለጠላቱ ፍርድን መመኘቱ በጥብቅ የሚመረመረው በዚህ ስፍራ ነው።

የነነዌ ምሕረት ግን ለልጅ ልጅ የሚወረስ ሀብት አልነበረም። በሰናክሬም ዘመን (705–681 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) የአሦር መናገሻ የሆነችው ከተማ በ612 በባቢሎናውያንና በሜዶናውያን እጅ ወደመች፤ ትንቢተ ናሆም የሚናገረው ስለዚህ ጥፋት ነው። ፍርስራሿ ዛሬ በሰሜን ኢራቅ፣ ከጤግሮስ ወንዝ ማዶ በሞሱል ከተማ ይገኛል።

በአዲስ ኪዳን ኢየሱስ ክርስቶስ ምልክት ለጠየቁት የሰጠው የዮናስን ምልክት ብቻ ነው። የማቴዎስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ የዓሣውን ሆድ ከመቃብር፣ ከሦስተኛው ቀን ትንሣኤ ጋር ያነጻጽረዋል። በዚያው ንግግር የነነዌ ሰዎች በፍርድ ቀን ተነሥተው ንስሐ ያልገባውን ትውልድ እንደሚፈርዱበት ተነግሯል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከቁጣው የምንድነው በክርስቶስ ደም ጸድቀን ነው ይላል፤ ስለዚህ ክርስቲያኖች የነነዌን ንስሐ ከመስቀሉ ነጥለው አያነቡትም። በክርስቲያኖች መካከል ያለው ልዩነት በአተረጓጎም ላይ ነው። የፕሮቴስታንቱ መምህር ማርቲን ሉተር የነነዌ ሰዎች አስቀድመው አመኑ፣ ጾሙና ማቁ ከእምነቱ ተከተለ በማለት ቅድሚያውን ለእምነት ሰጠ። ኦርቶዶክሳዊው ትምህርት እምነትን ሥራ ካለበት ንስሐ ሳይለይ ይይዛል፤ ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ኃጢአተኛው ተጸጽቶ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ ቀኖናውን ይፈጽማል፤ ተፈትቶም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል።

ጾሙ የተጀመረው በሶርያውያን ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ373 ያረፈው ቅዱስ ኤፍሬም ስለ ነነዌ ንስሐ የደረሰው ድርሰት ይታወቃል። የምሥራቅ ሶርያ ትውፊት ባዑታ የተባለውን የሦስት ቀን ምልጃ በ6ኛው መቶ ዓመት በመስጴጦምያ ከተነሣ መቅሠፍት ጋር ያያይዘዋል። በዚህ ወገን ዛሬም ሦስቱን ቀን እህልና ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ምእመናን አሉ። ወደ ግብፅ ያስገባው በትውልዱ ሶርያዊ የነበረው 62ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ አብርሃም (እ.ኤ.አ. 975–978) እንደሆነ ይነገራል።

በኢትዮጵያ የጾሙን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው፤ መባጃ ሐመር የተባለው የስሌቱ ቁጥር ሲታወቅ ነነዌ ይታወቃል፣ ሌሎቹ ተዘዋዋሪ በዓላትና አጽዋማትም ከእርሱ ተነሥተው ይቆጠራሉ። ነነዌ ከጥር 17 ቀድሞ አይገባም፣ ከየካቲት 21ም አያልፍም። ከነነዌ ሰኞ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 14፣ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 18፣ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ውሏል።

በሦስቱ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይቀደሳል፤ ትንቢተ ዮናስ ይነበባል፤ እስከዚያም ምእመኑ ሳይበላ ይቆያል። ጾሙ የአዋጅ በመሆኑ ከሰባት ዓመት በላይ ያለ ጤነኛ ሁሉ እንዲጾመው ታዟል። ከረቡዕ በኋላ እስከ ሁዳዴ (ዐቢይ ጾም) መግቢያ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለም።

ነነዌ ከወቅቱ ውጭም የምሕላ ሁሉ አርአያ ነው። ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣ ሲወርድ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ምሕላ ይታወጃል፤ ካህናትና ሕዝብ በአንድነት «እግዚኦ» ይላሉ፤ መምህራኑም ስብከታቸውን ከትንቢተ ዮናስ ይጀምራሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ኑዛዜው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ንጉሡ ከሕዝቡ ጋር አመድ ላይ እንደ ተቀመጠ ሁሉ፣ ባለ ሥልጣኑም ደሀውም ስለ አገሩ ግፍ አብሮ ይቆማል፤ ኃጢአት ያልሠሩት ሕፃናትም ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ።